ስድስቱ የእንቢታ ደብዳቤዎች

ልጅን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ልጆቻቸውን በምድር ባቡር እስከ ጅቡቲ ሸኝተው፣ ከዚያም በመርከብ አሳፍረው ይልኩ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚሄደውን ልጅ መርጦ የሚልከው መንግሥት ነበረና፣ የተመረጠው በምን እንደ ተመረጠ፣ የቀረውም በምን እንደ ቀረ ቤተ ሰቡ ያውቅ ነበር፤ ባያውቅም እንኳ ደጅ ጠንቶ የሚጠይቀው ሰው ነበረው። ዛሬ ግን ወጣቱ በቤቱ ተቀምጦ ማመልከቻውን በኮምፒዩተር ይልካል፤ መልሱም ከማያውቀው አገር፣ ፊቱን ካላየው ጉባኤ፣ ምክንያቱ ሳይገለጽ ይመጣለታል። እኔም ዛሬ የምጽፍላችሁ በቤቴ ስለ ደረሰው እንዲህ ያለ መልስ ነው፤ ይልቁንም በዚያ መልስ ተመርኵዤ ለገዛ ልጄ ስለ ተናገርሁት ቃል ነው።

ልጄ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የምድርን ጠባይ የሚመረምረውን የጂኦሎጂን ትምህርት ተምሮ በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀ። የመመረቂያውን ጽሑፍ የጻፈው ስለ አፋር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ በአፋር ዳባሁ በሚባለው ስፍራ፣ ምድር በጥቂት ቀን ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ስለ ተከፈለች፣ ከዚያ ወዲህ የዓለም ሊቃውንት ወደዚያ ይመላለሳሉ። ልጄም «ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚያጠናውን የአገሬን ምድር እኔ ለምን አላጠናውም?» ብሎ ነበር የጀመረው። ድንጋዩን በከረጢት ተሸክሞ ወደ ቤት ባመጣ ጊዜ እናቱ «ከዚያ ሁሉ በረሃ ያመጣህልን ድንጋይ ነው?» ብላ የሳቀችበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት ወደ አሜሪካ ሊሄድ አሰበ። በዚያ አገር በሳይንስ ትምህርት ለዶክትሬት የተቀበሉትን ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርቱን ዋጋ ራሳቸው ይችሉለታል፤ እያስተማረ ወይም በምርምር እየረዳም ለኑሮው የሚሆን ገንዘብ ይሰጡታል። እንደ እኛ በጡረታ ለሚኖር ቤት ይህ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን የሚቀበሉት እያንዳንዱ ተማሪ የብዙ ዓመት ወጪ ስለሚሆንባቸው በሩ ጠባብ ነው፤ ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም።

በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ወደ ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተ። ለእያንዳንዱ የሦስት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የውጤት ማስረጃና ስለ ሐሳቡ የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የማመልከቻም ገንዘብ ይከፈላል፤ ልጄ ያመለከተባቸው ከ70 እስከ 100 ዶላር ያስከፍሉ ነበር፤ ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም ገንዘቡ አይመለስም። በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ስላልነበረን በሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከፈለልን። አንዱ ዩኒቨርሲቲ «በእንግሊዝኛ የተማርህ ስለ ሆንህ የቋንቋ ፈተና አያስፈልግህም» ሲለው፣ ሌላው «ተፈትነህ ካላመጣህ ማመልከቻህን አናየውም» አለው፤ ልጁም ያው ልጅ፣ እንግሊዝኛውም ያው እንግሊዝኛ ነው። ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን 220 ዶላር የሚከፈልበትን ፈተና ደግሞ አንዱ ግድ ነው ሲል፣ ሌላው ብታመጣውም አላነበውም ይላል፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ትተውታልና። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያየሁት የሥርዓቱን ብዛት ብቻ ነበር፤ ሥርዓቱ የበዛ ነገር ፍርዱም የጠራ ይመስለኝ ነበር።

የእነርሱ ከሰዓት በኋላ የእኛ እኩለ ሌሊት ስለ ሆነ መልሱ የሚመጣው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። የመጀመሪያው በየካቲት መጀመሪያ መጣ፤ ጠዋት ለቍርስ ሲቀመጥ ከፊቱ ዐወቅሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወዲያው ተከተሉ። የሁሉም ነገር አንድ ዐይነት ነው፤ አመልካቹ ብዙ እንደ ነበረ፣ ቦታው ጥቂት እንደ ሆነ፣ ለወደ ፊቱ መልካም እንዲገጥመው እንደሚመኙ ይገልጻሉ። ስድስተኛው በመጋቢት አጋማሽ በመጣ ጊዜ ልጄ ስልኩን ይዞ እኔ ወደ ተቀመጥሁበት መጣና አስነበበኝ፤ ከዚያም «አባባ፣ ምን የጐደለኝ ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከአባቱ ምን መስማት እንደሚፈልግ ማንም ያውቃል። እኔ ግን «ስድስት ዳኛ በየፊናው ተቀምጦ አንድ ፍርድ ከፈረደ፣ ጕድለቱ ከዳኞቹ አይደለም፤ ራስህን መርምር» አልሁት። «እሺ፣ አባባ» ብሎ ወጣ።

እንዲህ ያልሁት ልጄን ጠልቼ አልነበረም። በአንድ መሥሪያ ቤት 27 ዓመት ሳገለግል 11ዱን ዓመት የሠራተኛ መቅጠሪያ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ማስረጃ አገላብጠን፣ ነጥብ ሰጥተን፣ ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ ፈርመን ነበር የምንመርጠው። የተመረጠው ተገብቶት እንደ ተመረጠ፣ የቀረውም አንድ ነገር ጐድሎት እንደ ቀረ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። ይህን ባላምን የዚያን ሁሉ ዓመት ሥራዬን ምን ልለው ኖሯል?

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጄ ስለ ትምህርት ማውራት ተወ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ በጊዜው ይወጣል፣ በጊዜው ይገባል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ምንም የሚከሰስበት ነገር አልነበረም። በመስኮቱ ላይ ደርድሯቸው የነበሩትን ድንጋዮች ግን አንድ ቅዳሜ በካርቶን አድርጎ ከአልጋው ሥር አገባቸው። ባለቤቴ ይህን አይታ «ልጁን ምን አልኸው?» አለችኝ፤ የተናገርሁትን ነገርኋት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ከእርሷ መልስ ማጣት ደግሞ በቤታችን ቀላል ነገር አይደለም።

ባለቤቴ 24 ሴቶች ያሉበት የወር ዕቁብ አላት። በግንቦት ወር ተራው የእኛ ቤት ነበርና ሴቶቹ በሳሎኑ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ እኔ ጋዜጣዬን ይዤ በዳር ተቀምጬ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የቤቷ ጣራ ክረምቱ ሳይገባ መሠራት ነበረበትና ያን ቀን ዕጣው እንዲወጣላት የማይመኝላት አልነበረም። የጎረቤት ሕፃን ተጠርቶ ከሲኒው አንዲቱን ጥቅል ወረቀት አነሣ፤ የወጣው የሌላዪቱ ስም ሆነ። ያች ሴት ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ «የሚመጣው ወር የእኔ ነው» አለችና ሲኒዋን አስሞላች። የዕቁቡ ዳኛም ዕጣው የወጣላትን ሴት «ለእርሷ ብትለቂላትስ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሴቲቱም ጥቂት አሰበችና ለቀቀችላት።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ረከቦቱን እያነሣች «አየህ፤ እኛ ዕጣ ያልወጣላትን ሴት ዕጣ አልወጣላትም እንላለን እንጂ፣ ጣራ አይገባትም አንላትም» አለችኝ። ወዴት እንደ ወረወረችው ገብቶኛል። ነገር ግን በልቤ «ዕቁብ ሌላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ» ብዬ ተውሁት። እዚያ የሚቀመጡት ሊቃውንት ናቸው፤ ሕፃን ከሲኒ ወረቀት አያነሣላቸውም ብዬ ነበር።

በዚያው ክረምት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአሜሪካ መጥቶ ሊጠይቀኝ ቤቴ ገባ። በዚያ አገር ለብዙ ዓመት ሲያስተምር የኖረ፣ አዲስ ተማሪዎችን በሚቀበለው ኮሚቴም ደጋግሞ የተቀመጠ ሰው ነው። የልጄን ነገር ባጫወትሁት ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁም ትንሽ ቅር አሰኘኝ። «ስድስት ዳኛ ነው ያልኸው? በል ስማኝ፤ ዳኞቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ልንገርህ» አለኝ።

«ለ10 ቦታ 300 ሰው አመለከተ እንበል» አለ፤ «ከ300ው ውስጥ 150ው በግልጽ የማይሆን ነው፤ እርሱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አምስት ወይም ስድስቱ ደግሞ ማንም አይቶ የማያልፋቸው ናቸው። ጭንቁ ያለው ከመካከል በቀሩት ላይ ነው፤ ሁሉም ሥራውን ሊወጣ የሚችል ነው፤ ቦታው ግን አራት ወይም አምስት ነው። እያንዳንዱን ማመልከቻ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ከማስተማሪያቸውና ከምርምራቸው በተረፈች ጊዜ ያነቡታል። አንዱ ጠዋት ያነባል፣ አንዱ ማታ ደክሞት ያነባል። አንዱ የሒሳብ ውጤትን ይወዳል፣ ሌላው ጽሑፉን ይመለከታል። በመጨረሻው ቀን ከእነዚያ ውስጥ አራቱን ይዘን እንወጣለን፤ በማግሥቱ ብንሰበሰብ ኖሮ ሌሎች አራት ይዘን እንወጣ ነበር።»

ይህን የሚለው እርሱ ብቻ እንዳልሆነም አጫወተኝ። ጁሊ ፖሴልት የተባለች ተመራማሪ በ10 የዶክትሬት ትምህርት ክፍሎች የተማሪ አቀባበል እንዴት እንደሚፈጸም አጥንታ፣ ከኮሚቴዎችም ጋር ተቀምጣ የሰማችውን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥታለች። እርሱ ራሱ የሚከታተለው የኮምፒዩተር ጥበብ ጉባኤ ደግሞ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ራሱን ፈተነ፤ ከቀረቡለት ጽሑፎች 166ቱን ለሁለት ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ሰጥቶ፣ አንዱ የሌላውን ፍርድ ሳያውቅ እንዲመርጡ አደረገ። አንደኛው ኮሚቴ ከተቀበላቸው ጽሑፎች ከግማሽ የሚበልጡትን ሁለተኛው ጣላቸው። ዳኞቹም በሙያቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩ።

«እሺ፣ የአገሬው ልጅና የእኛ ልጅ በዚህ ዕጣ እኩል ናቸው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጊዜ ሳቁን ተወ። የውጭ አገር ተማሪ ዕጣው ከሚጣልበት ሲኒ ሳይደርስ የሚያልፍባቸው ብዙ ወንፊቶች እንዳሉ ነገረኝ። ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ አንዳንዱ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ብቻ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ መምህሩ የውጭውን ልጅ ቢወደውም የሚከፍለው ከየት ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት። በክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ አሜሪካዊ ከዓመት በኋላ እንደ ነዋሪ ሊቈጠርና የትምህርቱ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፤ የውጭው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው በከፍተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ይህም በመምህሩ የምርምር ገንዘብ ላይ ይወድቃል። የድጋፍ ደብዳቤም ነገር አለ። የእነርሱ መምህራን ሲያመሰግኑ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ተማሪ አላየንም ብለው ሁለት ገጽ ይሞላሉ፤ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ የተማሪውን ጠባይና ትጋት መስክረው በአምስት መስመር ይጨርሳሉ፤ በእኛ ዘንድ ይህ የከበረ ምስክርነት ነው፣ በዚያ ግን የቀዘቀዘ ሆኖ ይነበባል። «ከዚህም ሁሉ በላይ» አለኝ፤ «ልጅህ ሊሠራ የሚፈልገውን ሥራ የሚሠራ መምህር በዚያ ዓመት ተማሪ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ተማሪ ከወሰደ፣ ወይም ገንዘቡ ካለቀበት፣ ወይም ለዕረፍት ዓመቱ ከሄደ፣ ልጅህ ሊቅ ቢሆን ምን ይፈይዳል?»

ሆላንዶች ለሕክምና ትምህርት ቤቶቻቸው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ዕጣ እንደ ጀመሩም ያን ቀን ከእርሱ ሰማሁ። ውጤቱ ከፍ ላለው ከፍ ያለ ዕድል እየሰጡ፣ የቀረውን ግን በግልጽ በዕጣ ይወስኑ ነበር፤ በ2017 አስቀርተውት ከ2023 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ ቢፈልጉ እንደገና እንዲጠቀሙበት ፈቀዱ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና «እነርሱስ ዕቁብ ያውቃሉ» አለች።

ጓደኛዬን እስከ በሩ ሸኝቼ ከተመለስሁ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለ18 ዓመት ያህል ያላሰብሁት አንድ ዓርብ ትዝ አለኝ። በ1998 ዓ.ም. ሦስት ጸሓፊዎች ልንቀጥር ከ70 በላይ ማስረጃ ስናይ ውለን፣ ሁለቱን መርጠን ለሦስተኛው ቦታ ነጥባቸው ትክክል የሆኑ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሰዓቱ 11 ሊሆን ነበር፤ የሰርቪሱ መኪና ከደጅ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ሊቀ መንበራችን «ምን ይሻላል?» አለ፤ ማንም አልመለሰም። እኔም ከላይ የነበረውን ፋይል አንሥቼ «ይኸኛው ይሁን» አልሁ። ከላይ ስለ ነበረ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «በብቃት ተሽሎ ስለ ተገኘ» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ፈረምሁበት። ሰኞ ጠዋት ስሙ ያልወጣው ወጣት በማስታወቂያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች እስከ ላይ ሲያነብ በአጠገቡ ዐለፍሁ። ማን እንደ ሆነ ከፎቶግራፉ ዐውቄዋለሁ። ወደ ቤቱ ሄዶ አባቱ ምን ብሎት ይሆን?

በማግሥቱ ልጄን ጠርቼ «እንደገና አመልክት» አልሁት። «አባባ፣ ራሴን መርምሬ ጨርሻለሁ» አለኝ፤ በቍጣ አልነበረም፤ እንደ ተራ ነገር ነበር ያለው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ሳለሁ ስለ ሰነዱ፣ ስለ ቀነ ገደቡ፣ ስለ ደብዳቤው ማውራት ጀመርሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ አባት ይህን ያውቀዋል፤ ይቅርታ ለማለት የተነሣ አንደበት ምክር ሲሰጥ ይገኛል።

ያሸነፈችው እናቱ ናት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የዕቁቡ ዕጣ ወጣላትና ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ «ጣራችን አያፈስም፤ ይኸ የማመልከቻህ ነው» ብላ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበርና፣ ያ ገንዘብ ለአራት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ በቃ። ከአራቱ አንዱ ባለፈው ዓመት እንቢ ያለው ነበር። ልጄ ሊተወው ሲል እኔ «ይጨመር» አልሁ። የላከላቸውም ያንኑ ማስረጃ፣ የእነዚያኑ መምህራን ደብዳቤ ነው፤ ከጽሑፉ ጥቂት መስመር ብቻ ለወጠ።

እነሆ በዚያው ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። መንቀጥቀጡ ከመስከረም ተነሥቶ በታኅሣሥና በጥር እጅግ በረታ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሣ፤ እኛም በአዲስ አበባ አልጋችን ሲወዛወዝ ሌሊት እየተነሣን ወደ ግቢ የወጣንበት ጊዜ ነበር። በጥር መጨረሻ ከዚያው እንቢ ካለው ትምህርት ክፍል አንዲት ፕሮፌሰር ለልጄ ጻፈችለት፤ በኢንተርኔትም ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ስለ አፋር ስምጥ ሸለቆ የምትመረምር ናት፤ አገሩን የሚያውቅ ተማሪም በብርቱ ትፈልግ ነበር። ልጄ ባለፈው ዓመት እንዳመለከተ ቢነግራት «ባለፈው ዓመት እኔ በምርምር ፈቃድ ላይ ነበርሁ፤ የዚያን ዓመት ማመልከቻዎች አላየሁም» አለችው። በየካቲት የመቀበያው ደብዳቤ መጣ። ሌሎቹ ሦስቱ እንቢ አሉ።

ልጄ ይህን ሲነግረኝ ከደስታው ጋር የተደባለቀ አንድ ነገር ተሰማኝ። ስድስቱ ዳኞቼ ካልኋቸው አንዱ በችሎቱ እንኳ አልነበረም። ሰው ቤቱ በተናወጠበት፣ ከመንደሩ በተሰደደበት በዚያ መከራ የልጄ ፋይል ከሥር ወደ ላይ መውጣቱ ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነገር አልሆነልኝም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ኃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ ዐመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ በደረሰ ጊዜ፣ በዚያ ዓመት ስለ እሳተ ገሞራ ለመማር ያመለከቱትን የማላውቃቸውን ልጆች አሰብሁ።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ በዚያው ወቅት በባዮሎጂ ለዶክትሬት አመልክታ ነበር። እርሷ በሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የአሜሪካ ዜጋ ናት፤ ቪዛ አያስፈልጋት፣ የቋንቋ ፈተና አያስፈልጋት፤ የእርሷ በር ወለል ብሎ የተከፈተ ይመስለኝ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ሊቀበላት እንዳሰበ በጥር ወር አስታወቃት። ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የመደገፊያ ወጪ በ15 በመቶ እንደሚወስን አስታወቀ። ነገሩ በፍርድ ቤት ቢታገድም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፈርተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ዩማስ ቻን የሕክምና ትምህርት ቤት በመጋቢት ወር የሰጠውን የመቀበያ ቃል እስከ መሰረዝ ደረሰ። የወንድሜን ልጅ ሊቀበላት ያሰበውም ሌላ ትምህርት ቤት የዚያን ዓመት ቅበላ መዝጋቱን ጻፈላት። ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የሚሰጠው የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሽልማትም፣ በቀደሙት ዓመታት 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው፣ በዚያ ዓመት ለ1,000 ብቻ ተሰጠ፤ በኋላ 500 ተጨመረ፤ እርሷ ከሁለቱም አልነበረችም። የቀራት አንድ የተጠባባቂ ዝርዝር ብቻ ነበር።

በአሜሪካ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ሥርዓት አለ፤ ገንዘብ ተመድቦለት የተጠራ ተማሪ እስከ ሚያዝያ 7፣ በእነርሱ ኤፕሪል 15፣ ድረስ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ በዚያ ቀን አንዱ ሲለቅ ሌላው ይገባል። የወንድሜ ልጅ በዚያ ቀን ከሥራዋ ቀርታ ስልኳን ታቅፋ ዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ተጠራች። ለእኔም ደውላ በተሰባበረ አማርኛዋ «ጋሼ፣ አንድ ሰው እንቢ ስላለ እኔ ገባሁ፤ ማን እንደ ሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር» አለችኝ። ሳቅሁ፤ የዕቁቡ ሴት ለሌላዪቱ የለቀቀችላት ዕጣ ትዝ ብሎኝ ነው።

የልጄ ነገር ግን በደብዳቤው አላለቀም። ለቪዛው ቀጠሮ ሲፈልግ ግንቦት 19 ቀን የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ እንዳይሰጥ በየኤምባሲው አዘዘ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ሰኔ 11 ቀን እንደገና ተፈቀደ። በመካከሉ ግንቦት 27 ቀን የ12 አገሮች ሰዎች እንዳይገቡ የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ፤ ከጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ነበሩበት። ዝርዝሩን በስልኬ ሳነብ ያ ወጣት በማስታወቂያው ሰሌዳ ፊት እንዳደረገው ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች እስከ ላይ አነበብሁ። የእኛ ስም አልነበረም። በካርቱም ወይም በአስመራ ከልጄ የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ የመቀበያ ደብዳቤውን በእጁ የያዘ ወጣት አይኖርም ብዬ እንዴት ልበል?

ቪዛው በሐምሌ መጨረሻ ተሰጠው። እናቱ በርበሬና ሽሮ ቋጠረችለት፤ ከአልጋው ሥርም ካርቶኑን አውጥቶ ከድንጋዮቹ ሁለቱን በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ጨመረ።

ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኚ ከሚቆምበት በር ስንደርስ እናቱን ስሞ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በጉሮሮዬ የኖረውን እዚያ ሻንጣ በሚገፋበት፣ ሰው በሚጮኽበት ስፍራ አወጣሁት። «ልጄ፣ ያን ጊዜ የተናገርሁህ ቃል ልክ አልነበረም» አልሁት።

«የቱን ቃል፣ አባባ?» አለኝ።

ዐይኑን አየሁት፤ ረስቶት አልነበረም። ጉልበቴን ሊስም ጐንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አነሣሁትና ሳምሁት፤ ከዚያ ፓስፖርቱን በጥርሱ ይዞ፣ ቀበቶውን እየፈታ ወደ ፍተሻው ገባ።